የፓርክ ገንዘብ በየት በኩል ይፈሳል? የሚኒያፖሊስ ጉዳይ

ሚኒያፖሊስ በፓርክ ጉዳይ የሚቀናባት ከተማ ናት። ትረስት ፎር ፐብሊክ ላንድ የተባለው ድርጅት የአሜሪካ ትልልቅ ከተሞችን ፓርክ በየዓመቱ ያወዳድራል፤ እሷም በተደጋጋሚ አንደኛ ወጥታለች። ከነዋሪዎቿ 98 በመቶ የሚሆኑት ከቤታቸው ወጥተው 10 ደቂቃ ያህል ቢራመዱ ፓርክ ያገኛሉ። ሐይቅ አላት፣ ፏፏቴ አላት፣ የሚሲሲፒን ወንዝ ተከትሎ የሚሄድ ረጅም አረንጓዴ መስመር አላት።

ይህችው ከተማ በ2016 የሰፈር ፓርክ ገንዘቧን የምታከፋፍልበትን መንገድ ገለባበጠችው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛ የወጣ ሰው ለምን የጥናት ስልቱን ይቀይራል? መልሱ ከገንዘቡ ብዛት ይልቅ ገንዘቡ በሚሄድበት ቦይ ላይ ነው ያለው። ቦዩ ደግሞ የተቆፈረው ዛሬ አይደለም።

የነጻው ቦርድ አወላለድ

በ1883 መጀመሪያ ላይ የከተማዋ የንግድ ሰዎች አንድ ሐሳብ ይዘው ተነሡ። ለፓርክ ብቻ የሚሠራና ከከተማው ምክር ቤት ነጻ የሆነ ቦርድ ይቋቋም አሉ። ምክር ቤቱ አልወደደውም። ለምን ይወደዋል? መሬት መግዛትና ግብር መጣል የሚችል ሌላ አካል በጎኑ ሊቆም ነው። ናይትስ ኦፍ ሌበር የተባለው የሠራተኞች ማኅበርም ተቃወመ። ከተማዋ ያለችበት የሚኒሶታ ግዛት ሕግ አውጪዎች ግን ሐሳቡን ተቀብለው ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት። አፕሪል 3 ቀን 1883 ድምፅ ተሰጠ። 5,327 ሰው ደገፈ፣ 3,922 ሰው ተቃወመ። የሕዝቡ ልብ ተከፍሎ ነበር ማለት ነው።

ቦርዱ ያኔ ያገኘው ሥልጣን ዛሬም ብዙ ከተሞች ለፓርክ ክፍላቸው የማይሰጡት ነው። መሬት መግዛት፣ የራሱን የንብረት ግብር መጠየቅ፣ ከፓርኩ አጠገብ ያለውን ባለይዞታ ማስከፈል ይችላል። አሁን ዘጠኝ ኮሚሽነሮች አሉት። ስድስቱ ከወረዳ፣ ሦስቱ ከመላው ከተማ በየአራት ዓመቱ ይመረጣሉ። የራሱ ፖሊስ እንኳ አለው። አብዛኛው ሌላ ቦታ የፓርክ ክፍል ከከንቲባው ሥር የሚውል አንድ መምሪያ ነው፤ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካውም እሱ ነው። መንገድ፣ ውሃና እሳት አደጋ ባሉበት ጠረጴዛ ላይ ዥዋዥዌ ተከራክሮ አያሸንፍም። ሚኒያፖሊስ ዥዋዥዌውን ለብቻው ጠረጴዛ አዘጋጀችለት።

ቦርዱ ወዲያው ያማከረው ሆራስ ክሊቭላንድ የተባለውን የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ ነው። የክሊቭላንድ ምክር ሲጨመቅ እንዲህ ነበር፦ አበባውን፣ ሐውልቱን፣ ጌጡን ተዉት፤ የሚመጣው ትውልድ ይሠራዋል። እናንተ መሬቱን አሁኑኑ ያዙ፣ ቤት ሳይሠራበትና ዋጋው ሳይወጣ። የመጀመሪያው የቦርዱ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ሎሪንግም ምክሩን ሰማ። ዛሬ ሐይቆቹ ዙሪያ የሚሮጠው ሰው የሚሮጥበት መሬት በአብዛኛው ያኔና በተከታዮቹ ጥቂት አሥርት ዓመታት የተያዘ ነው። እንደ እኔ ከሆነ የፓርክ ዕቅድ ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ አልቋል። ከተማ ከሞላ በኋላ መሬት ፍለጋ መውጣት ሌላ ዓይነት ወጪ ነው፤ ሰው ማፈናቀልም አለበት።

“ጥቅሙን የሚያገኘው ይክፈል”

በ1906 ቴዎዶር ዊርዝ የሚባል ስዊዘርላንድ የተወለደ ሰው የፓርኮቹ ኃላፊ ሆኖ መጣ። እስከ 1935 ቆየ። ሰውዬው ሥራ ወዳድ ነበር። ረግረግ የነበረውን ሌክ ኦፍ ዘ አይልስ በማሽን አስቆፍሮ ሐይቅ አደረገው፤ የወጣውን ጭቃ ዳርቻው ላይ ደልድሎ መሬት አወጣበት። በ1911 ያንን ሐይቅ ዛሬ ብዴ ማካ ስካ ከሚባለው ጋር በቦይ አገናኘው። “ሣሩን አትርገጡ” የሚሉትን ምልክቶች አስነቀለ። ከእያንዳንዱ ቤት በስድስት ብሎክ ርቀት ውስጥ ፓርክ ይኑር የሚለው ግብ በእሱ ስም ይጠራል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ነው የኤልዌል ሕግ የሚባለው የሚመጣው፤ እሱም የ1911 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ቦርዱ ለአንድ ሰፈር ፓርክ ይነድፋል፣ ወጪውን ያሰላል። ወጪው ከፓርኩ ይጠቀማሉ ተብለው በሚታሰቡት ባለይዞታዎች ላይ ይከፋፈላል። ለፓርኩ ቅርብ የሆነ ብዙ፣ ራቅ ያለ ትንሽ ይደርሰዋል። ከተማው ቦንድ ሸጦ ሥራውን ይሠራል፤ ባለይዞታው ከዓመታዊ ግብሩ ጋር አሥር ዓመት ያህል እየቆራረጠ ይከፍላል።

ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። ፓርክ ሲሠራ የጎረቤቱ ቤት ዋጋ ይጨምራል። ታዲያ የከተማው ሌላ ጫፍ ያለው ሰው ለምን የሌላውን ትርፍ ይሸፍን?

ችግሩ የሚታየው ሰፈር ለሰፈር ሲኬድ ነው። የመክፈል አቅም ያለው ሰፈር ንድፉን አየ፣ ተስማማ፣ ተሠራለት። የተከራይ ብዛት ያለበት ሰፈርስ? ባለቤቱ እዚያ አይኖርም፤ ልጆቹ እዚያ አይጫወቱም፤ በቤቱ ላይ ተጨማሪ ሂሳብ እንዲመጣበት አይፈልግም። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ባለቤትም የአሥር ዓመት ዕዳ ውስጥ መግባት ይፈራል። ሰፈሩ ካልተስማማ መሬቱ ቢኖርም ባዶ ሜዳ ሆኖ ይቀመጣል። ማንም በክፋት አልከለከላቸውም። ሕጉ ራሱ ገንዘቡን ገንዘብ ወዳለበት ይወስደው ነበር።

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ የሚከፍል ጠፋ፣ ሥራው በአብዛኛው ቆመ። ያኔ ፓርኩ የተሠራለት ተሠራለት፤ ያልተሠራለት ቀረ። ፓርክ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ ለቀጣዩ መንገድ ይከፍታል። ሕንጻ ያለው ፓርክ ሕንጻው ሲያረጅ እድሳት ይጠይቃል፣ እድሳቱም በጀት ውስጥ ይገባል። ሕንጻ የሌለው ምን ያሳድሳል?

ስንት ኪስ አለ?

ወደ ዛሬው እንምጣ። የፓርክ ገንዘብ ከአንድ ቦታ የሚመጣ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። የሚኒያፖሊስ ቦርድ ግን ኪሱ ብዙ ነው፤ አንዱ ኪስ ከሌላው ጋር አይነጋገርም።

ትልቁ ኪስ የንብረት ግብር ነው። ሣር የሚታጨደው፣ ቆሻሻ የሚነሳው፣ የመዝናኛ ማዕከሉ አሠልጣኝ ደመወዝ የሚከፈለው በአብዛኛው ከዚህ ነው። ጣሪያውን ቦርዱ ብቻውን አይወስንም። የከተማው የግምትና የግብር ቦርድ የሚባል አካል አለ፤ ከንቲባውም፣ የምክር ቤቱም ሰዎች፣ የፓርኩም ተወካይ እዚያ ይቀመጣሉ።

ሁለተኛው ኪስ ለትልልቆቹ ፓርኮች ነው፦ ለሐይቆቹ፣ ለሚኒሃሃ ፏፏቴ፣ ለወንዙ ዳርቻ። እነዚህ ከ1974 ጀምሮ የክልላዊ ፓርኮች ሥርዓት አካል ናቸው፤ ከሌላ ከተማም ሰው ስለሚመጣባቸው ግዛቱ ይደጉማቸዋል። በ2008 ደግሞ የሚኒሶታ መራጮች ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው የሽያጭ ታክሱን በ3/8 በመቶ አሳደጉት። ለ25 ዓመት፣ ማለትም እስከ 2034፣ ለውሃ፣ ለተፈጥሮ ጥበቃ፣ ለባህልና ለፓርክ የሚውል ነው። የፓርኩና የእግር መንገዱ ድርሻ ከዚያ ይቆረጣል። ይህ ብር ለሐይቁ ይደርሳል፤ የሰፈር ሜዳ ላይ ላለው ሸርተቴ ግን አይደርስም።

ከዚያ በኋላ ትናንሾቹ ይመጣሉ። የጎልፍ ሜዳ፣ የመኪና ማቆሚያና ሐይቅ ዳር ያሉ ምግብ ቤቶች ገቢ አለ። አዲስ ቤት የሚሠራ ገንቢም ለፓርክ የሚውል ክፍያ ይከፍላል፤ ክፍያው ግን ግንባታ ባለበት አካባቢ ስለሚውል ክሬን የማይታይበት ሰፈር ከእሱ ብዙ አይጠብቅም።

አንዳንዴ ያልታሰበ ነገር ይመጣና ለብቻው ግብር ይጣልለታል። አሽ የተባለውን ዛፍ የሚገድል አረንጓዴ ጥንዚዛ ከተማዋ ውስጥ ሲገባ፣ ቦርዱ ከ2014 ጀምሮ ለስምንት ዓመት ልዩ ግብር አስፈቅዶ በመንገድ ዳርና በፓርክ ውስጥ ያሉ ወደ 40,000 የሚጠጉ አሽ ዛፎችን መቁረጥና መተካት ያዘ። የዛፍ በሽታ በጀት ሲያናጋ ማየት ለዕቅድ ባለሙያ ጥሩ ትምህርት ነው። አንድ ጎዳና ላይ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የተከለ ሰው ሂሳቡ የልጅ ልጁ ዘንድ ይደርሳል።

ልብ በሉ፦ እነዚህን ኪሶች ደርድረን ስናይ፣ ሰፈር ውስጥ ያለው ተራ ፓርክ የተማመነበት አንዱን ብቻ ነው። እሱም የንብረት ግብሩ ሲጠብ አብሮ የሚጠብ ነው። መንግሥት ድጎማ ሲቀንስ፣ ነዳጅና ደመወዝ ሲጨምር የሚዘለለው ሥራ ጥገና ነው፤ ምክንያቱም ዘንድሮ ያልታደሰ ጣሪያ ዘንድሮ አይወድቅም።

የ2016ቱ ስምምነት

በ2010ዎቹ አጋማሽ ላይ ያልታደሰው ተጠራቅሞ አደባባይ ወጣ። መጫወቻዎቹ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። የልጆች የውሃ ገንዳዎቹ ኮንክሪት ተሰነጣጥቋል። የመዝናኛ ማዕከሎቹ ብዙዎቹ በሌላ ዘመን ለሌላ ዓይነት ሕዝብ የተሠሩ ናቸው። ጥያቄውን በቀጥታ ለመራጩ ሕዝብ እናቅርብ የሚል ግፊትም ነበር። መጨረሻ ላይ ምክር ቤቱና የፓርክ ቦርዱ በ2016 ተስማምተው እያንዳንዳቸው ደንብ አወጡ። ዕቅዱ የ20 ዓመት የሰፈር ፓርኮች ዕቅድ ይባላል። ከ2017 ጀምሮ በየዓመቱ 11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለ160 የሰፈር ፓርኮች ብቻ። በዚያው ስምምነት ለመንገድም ገንዘብ ተመደበ። ይህ ሁለተኛው ክፍል ቀላል ነገር አይደለም። ፓርክ ብቻውን ያላገኘውን ድምፅ ከመንገድ ጋር ተጣምሮ አገኘው።

ገንዘቡ ጥሩ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ከገንዘቡ ጋር አብሮ የወጣው የነጥብ ደንብ ነው። የትኛው ፓርክ መጀመሪያ ይሠራ የሚለውን ኮሚሽነሩ በሚያውቀው ሰው ወይም ስብሰባ ላይ በጮኸው ሰው ብዛት እንዳይወስን፣ ቦርዱ የራሱን እጅ በደንብ አሰረ። ፖለቲከኛ በራሱ ፈቃድ እጁን ሲያስር ብዙ አይታይም።

አሠራሩን ጠጋ ብለን እንየው። እያንዳንዱ የሰፈር ፓርክ በሁለት ወገን ነጥብ ይሰጠዋል። አንዱ ወገን በዙሪያው ስላለው ሕዝብ ነው፦ ነጭ ያልሆኑ ነዋሪዎች የሚበዙበትና ድህነት የጠነከረበት አካባቢ ውስጥ ነው ወይ? ሰው ምን ያህል ተጠጋግቶ ይኖራል? ልጆችና ወጣቶች ስንት ናቸው? ወንጀልስ? ሌላው ወገን ስለ ፓርኩ ራሱ ነው፦ ያለው ነገር በምን ሁኔታ ላይ ነው? ስንት ዕድሜ ቀረው? ባለፉት ዓመታት ከንብረቱ ዋጋ አንጻር ምን ያህል ገንዘብ ገባበት?

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ እወደዋለሁ። ሁለት ፓርኮችን በሐሳብ እንውሰድ። ሁለቱም መጫወቻ አላቸው፣ የሁለቱም መጫወቻ እኩል አርጅቷል። አንደኛው ከአምስት ዓመት በፊት አዲስ የቴኒስ ሜዳና የእግር መንገድ ተሠርቶለታል፤ ሁለተኛው ቀለም እንኳ አልተቀባም። ሰንጠረዡ ሁለተኛውን ያስቀድማል። አንደኛው አካባቢ ያለው ሰው በስብሰባው ላይ መቶ ሆኖ ቢመጣም ነጥቡ አይነቃነቅም። የ1911ዱ ሕግ የጠየቀው “ማን ይከፍላል?” የሚል ነበር። ይኸኛው የሚጠይቀው “እስከዛሬ ማን አላገኘም?” ነው።

ነጥቡም ደረጃውም በየጊዜው ታድሶ ለሕዝብ ይወጣል። ስለዚህ አንድ እናት ስልክ ደውላ “የእኛ ፓርክ መቼ ነው?” ስትል፣ “እየታየ ነው” ከሚለው የታወቀ መልስ ይልቅ ቁጥር ይነገራታል። ቁጥሩ ላያስደስታት ይችላል። ግን የምትከራከርበት ነገር አላት፦ “ሸርተቴው ደህና ነው ብላችሁ የጻፋችሁት መቼ መጥታችሁ አይታችሁት ነው?”

እንከን የለውም አልልም። ወንጀልን መለኪያ ማድረግ ሁለት ስለት አለው። ፖሊስ የሚበዛበት ቦታ የሚመዘገበው ወንጀልም ይበዛል። አንድን ሰፈር በአደገኝነቱ እየቆጠሩ ፓርክ መስጠት ደግሞ ነዋሪውን ደስ አያሰኘውም። የሕዝብ ጥግግትም እንዲሁ ነው፤ ሀብታም ተከራዮች የሚኖሩባቸው አዳዲስ ፎቆች ያሉበት አካባቢም በዚህ ነጥብ ያገኛል። ነጥብ ሲባል ንጹሕ ሒሳብ ይመስላል እንጂ የትኛው ጥያቄ ይጠየቅ የሚለውን የወሰነው ሰው ነው። ልዩነቱ ውሳኔው አንዴ፣ በግልጽና በጽሑፍ መሆኑ ነው።

ገንዳው ይቅር ወይስ አይቅር?

ነጥቡ የሚወስነው ተራውን ነው። ምን ይሠራ የሚለው ሌላ ሥራ ነው። ቦርዱ ድሮ ፓርክ በፓርክ ያቅድ ነበር። ይህ እያንዳንዱን ሰፈር ሁሉንም ነገር እንዲመኝ ያደርጋል። አሁን ከተማዋን በክፍል ከፍሎ፣ በአንድ ክፍል ያሉትን የሰፈር ፓርኮች በሙሉ በአንድ ላይ ያቅዳል። የደቡቡ በ2016 ጸደቀ፤ የደቡብ ምዕራቡ በ2020። ለእያንዳንዱም ከነዋሪው የተውጣጣ አማካሪ ኮሚቴ ነበረው።

በአንድ ላይ ሲታቀድ ንግግሩ ይቀየራል። ብዙዎቹ የሰፈር ፓርኮች ጥልቀት የሌለው የኮንክሪት ገንዳ አላቸው፤ ሕፃናት በበጋ የሚንቦጫረቁበት። አሮጌ ናቸው፣ ውሃቸውን ንጹሕ አድርጎ መያዝ ወጪ አለው። ሁሉንም እንደነበሩ ማደስ አይቻልም። አንዳንዱ ይታደስ፣ አንዳንዱ ውሃ ከመሬት እየተረጨ የሚያጫውት ቦታ ይሁን፣ አንዳንዱ ለሌላ ጨዋታ ይለቀቅ ማለት ግድ ነው። በወረቀት ላይ “ሁለት ገንዳዎች በዚህ ርቀት ውስጥ ስላሉ አንዱ ይበቃል” ማለት ቀላል ነው። እዚያ ገንዳ ውስጥ እሱም ልጁም ያደገ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ግን ሌላ ነው። ካርታው ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ግን ሰው የጎረቤቱንም ፓርክ ያያል። የእግር ኳስ ሜዳው እዚያ፣ ገንዳው እዚህ፣ ስኬትቦርዱ ወዲያ ይሁን ማለት የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።

መጥረጊያውን ማን ይይዛል?

የ20 ዓመቱ ገንዘብ ዋናው ዓላማው መጠገን፣ መተካትና መገንባት ነው። ሪባን ይቆረጥበታል፣ ፎቶ ይነሣበታል። የዕለት ተዕለቱ ሥራ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የመደበኛው በጀት ጣጣ ግን እንዳለ ነው። ጁላይ 2024 ላይ የፓርኩ የጥገና ሠራተኞች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ምክንያት ሥራ አቆሙ። በቦርዱ የ141 ዓመት ታሪክ የመጀመሪያው የሥራ ማቆም አድማ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። የበጋው እምብርት ነው፣ ሰው ሁሉ ፓርክ ውስጥ ነው። አዲሱን መጫወቻ በማየት ብቻ ፓርክን ለሚለካ ሰው ይህ ወር ሌላ መለኪያ ሰጠው።

ለአዲስ ግንባታ ገንዘብ ማግኘት ሁልጊዜ ይቀላል። ለጋሹም፣ ምክር ቤቱም፣ መራጩም የሚታይ ነገር ይወዳል። ለዚህ ነው ማንኛውም የፓርክ ዕቅድ ሲቀርብ ከግንባታው ወጪ ቀጥሎ “በዓመት ስንት ይበላል?” የሚል መስመር ከሌለው እኔ ወረቀቱን የማልጨርሰው።

ደረጃው ወረደ

በ2020 ሚኒያፖሊስ በዚያ ዓመታዊ ውድድር እንደገና አንደኛ ነበረች። በ2021 አወዳዳሪው ድርጅት አዲስ መለኪያ ጨመረ፦ ፓርኩ በዘርና በገቢ ሲታይ ለማን ምን ያህል ይደርሳል የሚል። ሚኒያፖሊስ ሦስተኛ ሆነች፤ ዋሽንግተን አንደኛ፣ ጎረቤቷ ሴንት ፖል ሁለተኛ ወጡ። በአንድ ዓመት ውስጥ የተነቀለ ዛፍ የለም፣ የተሸጠ ሐይቅም የለም። የተቀየረው ጥያቄው ነው።

ታዲያ የነጥብ ደንቡ ከሸፈ? አይመስለኝም፤ ግን ወሰኑን ማወቅ ደግ ነው። ደንቡ የሚያከፋፍለው የመጠገኛና የማደሻ ገንዘብ ነው። መሬት አያከፋፍልም። ሰፋፊዎቹ ሐይቆች ያሉት ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ዙሪያቸውም ውድ ቤት ነው። ማንም ተነሥቶ ሐይቁን ወደ ሰሜን አይወስደውም። በሰሜኑ በኩል የሚሲሲፒ ዳርቻ አለ፤ ለረጅም ዘመን ግን ፋብሪካና መጋዘን ይዞት ቆይቷል። እሱን እየገዙ ወደ ፓርክ መመለስ ከሰፈር ፓርክ ገንዘብ ጋር የማይገናኝ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ብዙ ብር የሚበላ ሥራ ነው። ክሊቭላንድ በ1883 የወንዙን ዳር ያዙ ብሎ ነበር። የተያዘው ተያዘ፤ ላልተያዘው አሁን የዛሬው ዋጋ እየተከፈለ ነው።

የስምምነቱ ጊዜ 20 ዓመት ነው ብለናል። ደንብ ግን ደንብ ነው። የነጥብ ሰንጠረዡን ያወጣው ቦርድ በአብላጫ ድምፅ ነው ያወጣው፤ ሌላ ቦርድ በአብላጫ ድምፅ ሊቀይረው ይችላል። ዘጠኙ ኮሚሽነሮች በየአራት ዓመቱ ለምርጫ ይቀርባሉ። እስከ 2036 ድረስ ብዙ ምርጫ አለ፤ በእያንዳንዱም ከዝርዝሩ ግርጌ ያለ ሰፈር “የእኛ ተራ መቼ ነው?” እያለ ድምፅ ይሰጣል።